ለእግረኛ የሚመች የንግድ አካባቢ ንድፍ

ለእግረኛ የሚመች የንግድ አካባቢ ንድፍ ሱቅ፣ ባንክ፣ ሆቴልና የመሳሰለው ግንባታ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታ የሚወስን የከተማ ደንብ ነው። ደንቡ በዋናነት የሚያየው የሕንፃውን ፊት ነው፦ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ግድግዳው ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ዝናብ ሲጥል ሰው የት እንደሚጠለል። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ደንብ የተስፋፋው መኪና ከመሃል ከተማ ያራቀውን ገበያተኛ ለመመለስ ነው። የኮፐንሃገን ከተማ ለምሳሌ ስትሮየት የተባለውን የንግድ ጎዳናዋን እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ዘግታለች። በጎንደርና በዙሪያዋ ደጋ ግን ገበያተኛው ድሮም ዛሬም የሚመጣው በእግሩ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው በእግር የሚካሄደውን ንግድ ቦታ እንዳያጣ መጠበቅ ነው።

የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ አይከል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ጭልጋ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ወደ ሱዳን የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበትና ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላ ነበረች። ዛሬም አይከል የምትገኘው ጎንደርን ከመተማ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከቆላ ሰሊጥ የጫነው ከባድ መኪና፣ ባጃጁ፣ አህያ የሚነዳው ገበሬና ተማሪው የሚተላለፉት በዚሁ አንድ መንገድ ነው። አውራ ጎዳናው ለፍጥነት ይሠራል፤ የገበያ መንገድ ደግሞ ሰው ቆሞ ዋጋ የሚጠይቅበት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ዋጋውን የሚከፍለው እግረኛው ነው።

በአካባቢው ከሁሉ ቀድሞ በፕላን የተሠራ የንግድ ማዕከል የጎንደር ፒያሳ ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ አርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ ባወጣው ፕላን መሠረት ተሠራ። ፕላኑ ነዋሪውን በዘር የለየና ኢትዮጵያዊውን ከመሃል ያራቀ ስለነበር በምሳሌነት ሲጠቀስ ይህ መዘንጋት የለበትም። የጎዳናው አሠራር ግን ሊጠና የሚገባው ነው። ሕንፃዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ሱቆቹ ምድር ቤት ሆነው በራቸውን ወደ እግረኛ መንገዱ ይከፍታሉ፤ ከፋሲል ግቢም በአጭር የእግር መንገድ ይደረሳል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ በዙሪያው የሚነሳ ሕንፃ ቁመትም የንድፉ ጉዳይ ነው፤ ግንቡን የሚጋርድ ፎቅ የከተማዋን ትልቁን ሀብት ይሸፍናል።

ከሕንፃው ፊት ቀጥሎ ደንቡ የሚያየው የእግረኛ መንገዱን ነው። ባለሙያዎች ስፋቱን በሦስት መስመር ይከፍሉታል። ከሱቁ ግድግዳ ጎን ዕቃ ለሚያይ ሰው ግማሽ ሜትር ያህል ይተዋል። ቀጥሎ ምንም ነገር የማይቆምበት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው መሄጃ ይመጣል፤ ንግዱ በደራበት ጎዳና ከዚህም ይሰፋል። ከመኪናው መንገድ አጠገብ ያለው ሦስተኛው መስመር ለዛፍ፣ ለመብራት ምሰሶና ለመቀመጫ ነው። በብዙ የአገራችን ከተሞች የሚጎዳው መሃለኛው መስመር ነው፦ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይተከልበታል፣ ሲሚንቶና አሸዋ ይራገፍበታል፣ ክዳኑ የተሰበረ የጎርፍ ቦይ ያቋርጠዋል። ክረምቱ ብርቱ በሆነበት ደጋ ቦዩ ጥልቅ ስለሚሆን ክዳኑ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ተዳፋት መሬት ሌላ ችግር ያመጣል። መንገዱ ሲቆረጥ የሱቁ ወለል ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ባለሱቁም ደረጃውን ወደ እግረኛ መንገዱ ያወጣል። ጎረቤቱም እንዲሁ ሲያደርግ መሄጃው ከፍና ዝቅ እያለ ይቆራረጣል፣ አረጋውያንና ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ሰዎችም ወደ አስፋልት ይወርዳሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መሠረት ከመውጣቱ በፊት የወለሉ ከፍታ ከእግረኛ መንገዱ ተነስቶ ይወሰን፣ ደረጃውም በይዞታው ውስጥ ይቅር። መኪና ማቆሚያም ከሕንፃው ኋላ ወይም ጎን እንጂ ፊት ለፊት ባይሆን ይመረጣል።

ጉሊት የሚገባውን ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ ነው። ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች በአብዛኛው የሚታዩት እንደ መንገድ ዘጊ ነው፤ ደንብ አስከባሪ ያስነሳቸዋል፣ እነሱም ተመልሰው ይቀመጣሉ። እግረኛ የሚበዛበትን ቦታ የሚመርጡት ደንበኛቸው እዚያ ስለሆነ ነውና ሩቅ ቦታ መስጠት መፍትሔ አይሆንም። ሦስተኛው መስመር ሰፋ ተደርጎ መደብና ጥላ ቢሠራላቸው መሄጃውም ነጻ ይሆናል፣ እንጀራቸውም አይቋረጥም።

በሕግ በኩል መሠረቱ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለመላው ከተማ መዋቅራዊ ፕላን፣ ለተወሰነ ሰፈር ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ ያዛል፤ የመንገድ ፊት ዝርዝር የሚገባው በሁለተኛው ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም እግረኛን ከፊት አስቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ጎንደርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ ሲሠራ ግን ብዙ ነዋሪና ትንንሽ ነጋዴ ከቦታው ተነስቷል። ገዢና ሻጭ የተነሱበት ሰፊ መንገድ የደንቡን ግማሽ ብቻ ያሟላል።

እንደ አይከል ላሉ የጎዳና ዳር ከተሞች የሚቀርበው አንዱ አማራጭ ከባድ መኪና ከተማውን ዞሮ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ይህ የመሃሉን ጎዳና ለገበያተኛው ይለቃል፤ ምግብ ቤትና መኝታ ቤት ያላቸው ግን የሾፌሩን ገበያ እንዳያጡ ይሰጋሉ። ሁለተኛው አማራጭ ጎዳናውን እዚያው ትቶ በከተማው መግቢያና መውጫ ፍጥነት መቀነስ፣ ዜብራውን በገበያው፣ በትምህርት ቤቱና በመናኸሪያው ፊት ማድረግ፣ የባጃጅ ማቆሚያውን ከመሄጃው መለየት ነው። ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ትንንሽ ከተሞች በዚህኛው መጀመር ይችላሉ።