ወደ ዘጌ ከመሄዳችን በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የተፈላበት ቤት ያላችሁ ከአቦል ጀምራችሁ በረካ ትጨርሱታላችሁ።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፤ "መምህር፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሁለት ቀን ወጣ ብለን ባህልና ታሪክ የምናይበት፣ ሰው የማይጋፋበት ቦታ የት ነው?" መልሴ አጭር ነው፤ ዘጌ። ግን "ዘጌ" ብዬ ብቻ ብተወው ጀልባ ላይ ፎቶ ተነስታችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሥር ፎቶ ተነስታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ታሪኩን እንነጋገርበት።

መጀመሪያ ከቃሉ እንነሳ። የዛሬ ካርታችን የባሕር ጠረፍ የለውም። አማርኛችን ግን ባሕር አጥቶ አያውቅም። ሐይቁንም ባሕር ነው የምንለው፤ ከተማዋንም ባሕር ዳር ብለን ሰይመናታል። ስለዚህ ዘጌን "የባሕር ዳር መንደር" ብላት ማጋነን አይደለም። ከባሕር ዳር ከተማ በጀልባ የምትደርስባት፣ ጫካ የለበሰች፣ ወደ ጣና ውስጥ የገባች ልሳነ ምድር ናት። ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድባት አገር ናት።

"ዘንገና እያለልን ጣና ምን ልንሠራ?" የምትል ተማሪ ነበረችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘንገና ትንሽ ሆኖ ጥልቅ ነው፤ የእሳተ ገሞራ አፍ ነዋ። ጣና ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዋናው መልስ ግን ሌላ ነው፤ ጣና ውስጥ ያለው ውሃ የእኛም ነው። ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ስትሄዱ የምታገኙት ግሽ ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ "መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ" አለ። የሰከላ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ከብቱን እያጠጣ፣ ጠበሉን እየተጠመቀ ይኖርበት ነበር። ታሪክ ስታነቡ "ማን መጀመሪያ አየ?" ከማለት በፊት "እዚያ ማን ይኖር ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ዘጌም ስንደርስ ይሄው ጥያቄ ያስፈልገናል።

ከእኛ አካባቢ ተነስቶ ጣናን ለማየት መሄድም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን መቀመጫው ዳንግላ ነበር። አዎ፣ የእኛዋ ዳንግላ። ከዚያ እየተነሳ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ዞረ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከተለ፣ ካርታ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ መጽሐፉን አሳተመ። ለሽርሽር ብቻ ነው እንዳትሉ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ውሃ አንቀጽ ገብቶበታል። የግብፅና የሱዳን ጥጥ በዚህ ውሃ ስለሚለማ ለንደን ውስጥ የጣና ነገር በደንብ ይታሰብ ነበር። እንግዲህ የዳንግላው ቆንስል በዚያ ዘመን ነው በሐይቁ ዳር ሲመላለስ የነበረው።

አሁን ወደ ዘጌ። በአገሬው ትውፊት መሠረት ዘጌን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ዘመኑም 14ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ጻድቁ ከእግዚአብሔር ቃል ኪዳን ተቀበሉ ይባላል፤ የዘጌ ሰው መሬቱን ሳያርስ፣ ትልልቅ እንስሳት ሳያረባ በደኑ ፍሬ እንዲኖር። ለዚህ ነው እዚያ ሞፈርና ቀንበር የማታዩት። ለእኛ ለአዊዎች ይሄ ይገርማል! በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ የሚወጣ ሕዝብ፣ ፈረስ ወደማይረባበት አገር በእግሩ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ውጤቱን እዩት። በጣና ዙሪያ ብዙው መሬት ታርሶ ሜዳ ሲሆን ዘጌ ደን ሆና ቀረች። እምነት የደን ጥበቃ ሕግ ሆኖ ለዘመናት ሠርቷል።

የደኑ ፍሬ ምንድን ነው? ዋናው ቡና ነው፤ ጌሾና ሎሚም አለ። ይሄ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቡና መጠጣትን በበጎ አያዩትም ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር። ታዲያ የገዳማት አገር ቡና ተክሎ እንዴት ኖረ? ለገበያ ነዋ። የዘጌ ቡና በታንኳ ሐይቁን እየተሻገረ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ካህኑ ያመርታል፣ ነጋዴው ይወስዳል፣ ሁለቱም ይኖራሉ። "ጸጥ ያለች ገዳም" የምንላት ዘጌ ከሩቅ ገበያ ጋር የተሳሰረች ቦታ ነበረች።

የአገሪቱ ትልቅ ታሪክም በዘጌ አልፏል። የንግሥት ቪክቶሪያ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስን በጥር 1858 ዓ.ም. ያገኛቸው በዳሞት ነው፤ ለእኛ ቅርብ ነው። ንጉሡ በኋላ ዘጌ ሰፈሩ። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ራሳምና ጓደኞቹ ሊሄዱ ሲሉ ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ውስጥ ኮሌራ ገባና ሠራዊቱ ወደ ደብረ ታቦር ተነሳ። ከዚያ የሆነውን ክፍል ውስጥ ተምራችኋል፤ የእንግሊዝ ጦር መጣ፣ ልክ በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሆነ። ለፎቶ የምትቆሙበት የባሕር ዳርቻ ያንን ሁሉ ያየ ቦታ ነው።

አሁን ከባዱ ክፍል። አስጎብኚ በአብዛኛው አይነግራችሁም፤ እኔ ግን ታሪክ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልችልም።

የቡና ደን ዝም ብሎ አይለማም። መመንጠር አለ፣ ማረም አለ፣ መልቀም አለ፣ መሸከም አለ። በሬ በሌለበት አገር ይሄን ሁሉ የሚሠራው የሰው ክንድ ነው። የማን ክንድ? የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 በዘጌ የቡና ባለቤቶች፣ ካህናትም ጭምር፣ በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ይጠቀሙ ነበር። በዚያ ዘመን ለባርነት ሰው ከሚታደንባቸው ቦታዎች መካከል የምዕራቡ ቆላ፣ የጉሙዝና የቤላ ሻንጉል አገር ይገኙበታል። እስቲ ካርታ አውጡና ከመተከል ወደ ጣና በጣታችሁ መስመር አስምሩ። ጣታችሁ የሚያልፈው በማን አገር ላይ ነው? በእኛ። ስለዚህ ይሄ የዘጌ ሰዎች ነውር ብቻ ነው ብለን እጃችንን መታጠብ አንችልም።

ሕጉ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አንዱ ክርክር ባርነት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ደንብ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአያቶቻችን ዘመን ነው፣ ሩቅ አይደለም።

"መምህር፣ የቆየ ቁስል ለምን ትነካለህ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የምነካው ቁስሉ ስላልዳነ ነው። አዋጁ ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት፣ "ባሪያ" የሚለው ቃል ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ግቢ ስድብ ሆኖ ይሰማል። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ጉሙዞች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በቅርብ ዓመታት በሁለቱም ወገን የንጹሐን ደም ፈስሷል። ትናንት እንዴት እንደኖርን የማያውቅ ልጅ የዛሬውን ጥላቻ ተፈጥሮ ይመስለዋል። በሰው የተሠራ ነገር መሆኑን ካወቀ ግን በሰው ሊፈርስ እንደሚችልም ያውቃል። የዘጌን ሥዕሎች አድንቁ፣ አባቶችን እጅ ንሱ፤ ቡናውን ስትጠጡ ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈላቸውንም አስቡ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይገባሉ።

በሉ አሁን ወደ ዕቅዱ። መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ፤ ከዚህ በፊት የሚቀድም ነገር የለም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት ደስ ይላሉ፤ የቡናው ፍሬ መቅላት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከጥሊሊ በጠዋት ተነስታችሁ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ አድርጋችሁ ባሕር ዳር ግቡና እደሩ። መንገድ ላይ ዳንግላ ሻይ ጠጡና ስለ ቺዝማን ለአብሮ ተጓዡ ንገሩት። በሁለተኛው ቀን በማለዳ ጀልባ ያዙ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ፣ ደርሶ መልስ፣ የምትቆዩበትን ሰዓት ጨምራችሁ ተስማሙ። በቡድን ከሆናችሁ ይቀላል።

ጾም ከሆነ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። በሩጫ አትዩት። አንድ ሥዕል ምረጡና ፊቱ ቁሙ፤ የወታደሮቹን ልብስ፣ የጦር መሣሪያውን፣ የፈረሱን ኮርቻ እዩ፤ ሠዓሊው የራሱን ዘመን ነው የሳለው። ከዚያ በደኑ ውስጥ በእግር ወደ አዝዋ ማርያም ሂዱ። ሴቶች ነጠላ ያዙ፤ ሁላችሁም ጫማ አውልቁ። በኡራና በአዝዋ ሴቶች ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉ ደሴቶች ግን ለወንድ ብቻ ናቸው።

ሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ ስታዩ ደግሞ በአድናቆት ብቻ አትለፉ። ታንኳውን በመሥራት የሚታወቁት ወይጦዎች ብዙ ንቀት ያሳለፉ ሕዝብ ናቸው። ታንኳው ላይ የተጫነው እንጨት ከሆነ ደግሞ ከዘጌ ደን ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ሊሆን ይችላል። ቡናው ካላበላ እንጨቱ ይሸጣል። ስለዚህ ቡና ከገበሬው እጅ ግዙ፤ አንድ ኪሎ ቡና መግዛት ደኑን ጠብቁ ብሎ ከመምከር ይሻላል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ግን የሚጠብቀው መዝገብ ሳይሆን እዚያ የሚኖር ሰው ነው። እምቦጩም እንዲሁ፤ ሐይቁን የወረረው አረም የአፋፉን ዓሣ አጥማጅ ብቻ ሳይሆን እኛንም ይመለከታል። ከላይ ያለነው እኛ ነን፤ ከእርሻችን የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ወደ ታች ወርዶ የሚያርፈው እዚያ ነው።

የመጨረሻው ነገር የቤት ሥራ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አያቶቻችሁን "በእናንተ ዘመን ወደ ጣና ማን ይሄድ ነበር? ምን ይዞ? ከየት ምን ይመጣ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ያስተማርኳችሁ ልጆች ብቻ ሳይሆን ዳንግላም፣ እንጅባራም፣ ዘጌም ያላችሁ ጻፉ። የተሳሳተ ነገር ካያችሁም አርሙኝ፣ ደስ ይለኛል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ አብረን እንሄዳለን። ሰላም ያድርሰን።