ዓመተ ፍዳና ዓመተ ምሕረት



መታወቂያ ስናወጣ፣ ውል ስንዋዋል፣ የሠርግ ጥሪ ስናሳትም ከቁጥሩ ቀጥለን «ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን። ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለት ፊደላት የምናያቸው እንደ ማኅተም ብቻ ነው። እኔም በሥነ መለኮት ኮሌጅ ስለ ኃጢአትና ስለ ድነት ያለውን ትምህርት ስከታተል፣ የነአውግስጢኖስንና የነሉተርን ሐሳብ እያጠናሁ ፈተና ስፈተን፣ አንድም ቀን ወደ ፈተናው ወረቀት አናት ዓይኔን አንሥቼ ከቀኑ አጠገብ የጻፍኩት ምን እንደሆነ አላሰብኩም። ይህን ያሳዩኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። እሳቸው ደግሞ የተማሩት ዲማ ነው።

ዲማ ጊዮርጊስን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ከብቸና ብዙ ሳይርቅ በእነማይ ወረዳ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳምና የትምህርት ቦታ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በደብረ ወርቅ እንዲሁም በዚሁ በዲማ ነው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙት። ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተምረዋል፤ ይህን የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። አጎቴ የእሳቸውን ያህል ሩቅ አልሄዱም። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ቁራሽ እየለመኑ ቅኔውንም ባሕረ ሐሳቡንም ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኛ ዘመዶቻቸው እንኳ የምንጠራቸው «የኔታ» እያልን ነበር።

2000 ዓ.ም. ሲገባ እንቁጣጣሽን ከእሳቸው ዘንድ ዋልኩ። እኔ ያኔ ወጣት አገልጋይ ነኝ፤ «ጴንጤ ሆነ» ተብሎ ከቤተሰቡ ጋር የነበረው መራራቅ ገና አልጠገገም። አዲስ አበባ በሚሌኒየሙ ድምቅ ብላለች፤ የኔታ ግን በጣታቸው መገጣጠሚያ ይቆጥራሉ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመተ ፍዳ፣ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ድምሩ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመተ ዓለም። ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ቀጥለውም ቀና ብለው፣ «አንተ ሰባኪ ነኝ ትላለህ፤ ፍዳ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ይህን ስሌት ቆም ብለን እንየው። የአባቶቻችን የዘመን አቈጣጠር ታሪክን የሚከፍለው በንጉሥ መንገሥ ወይም በከተማ መመሥረት አይደለም። አዳም ከወደቀ በኋላ ያለውን ዘመን በሙሉ «የፍዳ ዓመት» ይለዋል፤ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለውን ደግሞ «የምሕረት ዓመት» ይለዋል። አምስት ሺህ አምስት መቶ የሚለው ቁጥር ለአዳም ተሰጠ ከሚባለው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ የመጣ ነው፤ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና። ቁጥሩን እኔ የእምነት አንቀጽ አላደርገውም፤ ተስፋው በዚህ መልክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልተጻፈም። ከቁጥሩ በታች ያለውን ትምህርት ግን በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ። ሊቃውንቱ ስለ ዓመተ ፍዳ ሲያስተምሩ ኢሳይያስ 64፥6ን ያነሣሉ፦ በዚያ ዘመን የጻድቃን ጽድቅ እንኳ እንደ መርገም ጨርቅ ነበረ፤ ደጉም ክፉውም ሲኦል ይወርድ ነበር፤ ሰው በራሱ ደግነት የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልነበረም ይላሉ። እኛ ወንጌላውያን ከሮሜ 3 ላይ ይህንኑ ስንሰብክ «ከፈረንጅ ያመጡት ትምህርት» እንባላለን። ፈረንጅ ያመጣው ብዙ ነገር አለ፤ ይሄ ግን ከሱ ውስጥ አይደለም።

የጎጃም ሊቃውንት በሃይማኖት ጉዳይ ብርቱ ተከራካሪዎች ነበሩ። በክርስቶስ መቀባት ትርጕም ላይ ቅባትና ተዋሕዶ ተባብለው ለብዙ ትውልድ ተነታርከዋል፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነገሩን ለመቁረጥ ቢሞክሩም ክርክሩ ከጎጃም ፈጽሞ አልጠፋም። እዚያ ውስጥ ገብቼ ፈራጅ መሆን አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ክርክሩ ሁሉ «የመጣው አዳኝ ማን ነው፣ እንዴትስ ያለ ነው?» በሚለው ላይ ነበር። «አዳኝ ያስፈልገናል ወይ?» ብሎ የተከራከረ አንድም ወገን የለም።

ወደ የኔታ ጥያቄ ልመለስ። እኔ ያኔ ኮሌጅ የተማርኩትን አወረድኩላቸው። በዕብራይስጥ ኃጢአት የሚለው ቃል ዒላማን መሳት እንደሆነ፣ መሳፍንት 20፥16 ላይ ድንጋይ ወንጭፈው ፀጉር እንኳ ስለማይስቱት ብንያማውያን ሲነገር ያው ሥር እንደሚገኝ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ሣቁ። «ዕብራይስጥ ድረስ ምን አስኬደህ? ግእዙ ምን ይላል? ኀጥአ፣ አጣ ማለት ነው። ኃጥእ ያጣ ነው፤ ያጣ የነጣ።»

ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሰብኬባታለሁ! በግእዝ «ኀጥአ» በደለም፣ አጣም ነው፤ የእኛ «አጣ» እና «ማጣት» የመጡት ከዚሁ ሥር ነው። ኃጢአት በመጀመሪያ ደረጃ የጥፋቶች ዝርዝር አይደለም። ሰረቀ፣ ዋሸ፣ አመነዘረ የምንለው ከሥሩ የወጣው ቅርንጫፍ ነው። ሥሩ እግዚአብሔርን ማጣት ነው። ሐዋርያው ሮሜ 3፥23 ላይ የሰው ልጆች ሁሉ በደሉ ካለ በኋላ የእግዚአብሔር ክብር እንደ ጎደለባቸው የሚናገረው ለዚህ ነው፤ በደልና ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የጠፋበት ሰው ፈልጎ ያገኝ ይሆናል፤ ያጣ ሰው ግን የሚሰጠው ይሻል። ለምኖ ያደረ የቆሎ ተማሪ ይህን ከኔ ይልቅ ያውቀዋል።

የኔታ እንዲህ እያወቁ ለምን ዕረፍት እንዳልነበራቸው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ታመው ሳሉ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን በዛብህን ታስታውሳላችሁ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውት ነበር፤ ዲማ ላይ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ስለት እንደ ሰንሰለት ይይዘዋል። ብዙ ሰው ልብ ወለዱን የሚያነበው ለፍቅሩ ነው፤ እኔ ግን ከአጎቴ አልጋ አጠገብ ከተቀመጥኩ ወዲህ የማነበው ለፍርሃቱ ነው። የኔታም የስለት ልጅ ነበሩና። ለምንኩስና ተስለው፣ ትተውት አገቡ። ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ይህን ሞት አርባ ዓመት ሙሉ በልባቸው ሲቈጥሩት የኖሩት እንደ ዕዳ ክፍያ ነበር። የንስሐ አባታቸው የሰጧቸውን ቀኖና ሁሉ ፈጽመዋል፤ ጾመዋል፣ ሰግደዋል። «ዓመቱ የምሕረት ነው፤ እኔ ግን ፍዳው ውስጥ ቀርቻለሁ» አሉኝ።

እስቲ የምላቸውን አስቡልኝ። ሲቈጥሩት የኖሩት ዕዳ እንደ ነበረ ሰው እንዴት ይነገራል? ክርክር አልጀመርኩም። በዚያች ክፍል ውስጥ የኔ ቤተ ክርስቲያን ወይም የእሳቸው ልታሸንፍ አልፈለግሁም። የያዝኩት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበርና እሱን ከፈትኩ።

እዚህ ላይ አንድ የጎጃም ሰው ላስታውሳችሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ከሚወደዱልኝ ሰዎች አንዱ ነው። አቡ ሩሚ ወይም አብርሃም የሚባል መነኩሴ፣ በ1750 እ.ኤ.አ. ገደማ የተወለደ፣ ኢየሩሳሌምንና ሶርያን አልፎ እስከ ህንድ የደረሰ መንገደኛ ነበር። በስተርጅናው ካይሮ ላይ አስሊን የሚባል የፈረንሳይ ቆንስል አገኘውና መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ እንዲመልስ አግባባው። ከ1808 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. አሥር ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው ሠሩ። የጽሑፉ ብዛት 9,539 ገጽ ነበር። አቡ ሩሚ ብዙ ሳይቆይ በወረርሽኝ ሞተ፤ የእጁን ሥራ ታትሞ አላየውም። በ1820 ጽሑፉ ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ተገዛ፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ትርጕሙ ብዙ ጊዜ ታርሟል፣ እንደገናም ተሠርቷል። ለአጎቴ ያነበብኩት የእሱ ትርጕም አልነበረም። ቢሆንም ጎጃሜ ለጎጃሜ በአማርኛ ስለ ምሕረት እንዲያነብ መንገዱን የጠረገ፣ በባዕድ አገር የሞተ ጎጃሜ መሆኑን እያሰብኩ ነበር ያነበብኩት።

ገላትያ 3፥13ን አነበብኩ፤ ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ከእርግማን እንደ ዋጀን የሚናገረውን። ከዚያ ምዕራፍ 4፥4-5ን፣ የዘመኑ ፍጻሜ ሲደርስ እግዚአብሔር ልጁን እንደ ላከ። «ዘመን» የምትለዋን ሲሰሙ ዓይናቸውን ገለጡ። «እንደገና» አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። ከዚያ እሳቸው መዝሙር 50ን በግእዝ በቃላቸው ጀመሩ፤ በመካከል ትንፋሽ ሲያጥራቸው እኔ በአማርኛው እቀጥላለሁ፤ ሲመለስላቸው እሳቸው በግእዙ ይቀበሉኛል። እንዲህ እየተቀባበልን ጨረስነው። ስለ ሕፃናቱ ስም ጠርተው አለቀሱ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተናገርንም።

በማግስቱ ልሄድ ስነሣ መጽሐፍ ቅዱሱን ተውልኝ አሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጻፍኩ፤ እንደ ልማዴም ከቁጥሩ ቀጥዬ «ዓ.ም.» አደረግሁ። ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበረ ምን እንደ ጻፍኩ ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው።

«አታሳጥረው» አሉኝ። «ሙሉውን ጻፈው።»