የነቀምት ቀደምት ትምህርት ቤት

በዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ወደ ነቀምት እንወስዳችኋለን። በኑኑ ቁምባም ሆነ በሌሎች የወለጋ ወረዳዎች ፊደል ቆጥራችሁ ያደጋችሁ ሁሉ የራሳችሁን ታሪክ ታገኙበታላችሁ። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከወለጋ ርቆ፣ ቀይ ባሕር ዳር ነው። በኢሉባቦር የተወለዱት ኦኔሲሞስ ነሲብ ገና በሕፃንነታቸው በባርነት ተሸጡ። ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፉ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። እዚያው አቅራቢያ፣ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም ስዊድን ድረስ ሄደው ተማሩ። አስቴር ጋኖም በሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት ተዳርገው ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ፣ የጫነቻቸውን ጀልባ በ1886 የጣሊያን መርከቦች ያዟት። ነፃ ወጥተው እሳቸውም ወደ እምኩሉ መጡ።

ሁለቱ አንድ ላይ ሠሩ። አስቴር ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ሰበሰቡ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ1894 በታተመው የአፋን ኦሮሞ የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ፣ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቱ ቀድመው ተዘጋጁ ማለት ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስና ባልደረቦቻቸው ወለጋ ደረሱ። መጀመሪያ ቦጂ አረፉ፤ ከዚያም የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸውና ነቀምት ላይ ትምህርት ተጀመረ።

በዚያ ዘመን የገጠር ከተማ ቤት በእንጨት ተዋቅሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ሣር ይለብስ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቤት ዋና ጠላት እሳት ነው። ከኦኔሲሞስ ቀድመው ከኤርትራ ወደ ቦጂ የመጡት መምህር ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል በ1905 ሰው ለማዳን ወደሚነድ ቤት ገብተው ሕይወታቸው አለፈ። ከቀደምቶቹ መምህራን አንዱ እንዲህ አለፉ።

ሌላው ፈተና ክስ ነበር። ኦኔሲሞስ በ1906 በካህናት ተከሰው አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ግዞትም ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፣ መስበካቸውን ትተው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ። ስብከቱ ሲታገድ ማስተማሩ ቀጠለ፤ ለዓመታት የኦኔሲሞስ ይፋዊ ሥራ ትምህርት ቤቱ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዊድናውያን ሚሲዮናውያን ነቀምት ላይ ሥራቸውን ያደላደሉት በ1920ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የትምህርቱን ሸክም የተሸከሙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል በባርነት ተሸጠው የነበሩ ይገኙበታል። “ትምህርትን ፈረንጅ አመጣልን” የሚለው የተለመደ አባባል ለነቀምት አይሠራም።

ኦኔሲሞስ በሰኔ 1931 ነቀምት ላይ አረፉ። አምስት ዓመት ሳይሞላ የፋሺስት ጣሊያን ወረራ መጣ፤ ስዊድናውያኑም አገር ለቀው ወጡ። ከነፃነት በኋላ በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። አፋን ኦሮሞ የወለጋ ትምህርት ቤቶች መደበኛ ማስተማሪያ ሆኖ የተመለሰው ከ1991 ወዲህ፣ በላቲን ፊደል ነው። አስቴር ጋኖ ይህን አላዩም፤ በ1964 ነቀምት ውስጥ አርፈዋል።

አድማጮቻችን፣ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ነቀምት ውስጥ ቆሞ ይጎበኛል። ገዥዎች የኖሩበት ቤት እንዲህ ሲጠበቅ፣ ልጆች የተማሩበት ቤት ግን አዲስ ብሎኬት ሲመጣ ዝም ተብሎ ይፈርሳል። በኑኑ ቁምባ፣ በቦጂ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ የምትገኙ ርእሳነ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴዎች፣ አሮጌውን ክፍል ከማፍረሳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ የተሠራበትን ዘመንና የሠሩትን ሰዎች ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። የድሮ የተማሪዎች መዝገብም ካለ ከምስጥና ከዝናብ አድኑት።