ላቦራቶሪው ከግቢ ሲወጣ፦ በ1969 የኤም.አይ.ቲ. ክርክር የተማሪና የመምህር አቋም

በሳይንስና በምህንድስና ክፍሎች ስለሚነሣ የተቃውሞ እንቅስቃሴ ሲጻፍ ተማሪው ችኩል፣ መምህሩ ቁጥብ ሆኖ መሣሉ የተለመደ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) እ.ኤ.አ. በ1969 የሆነው ይህን ሥዕል ያፈርሰዋል።

የቬትናም ጦርነት እንደተፋፋመ የተቋሙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ምርምር ለአንድ ቀን ቆሞ ሳይንስ ለምን እንደሚውል ይመከርበት አሉ። 48 መምህራንም በመግለጫ ላይ ፈርመው ተባበሩ። ማርች 4 ቀን በተካሄደው ጉባኤ የሃርቫርዱ የኖቤል ተሸላሚ ጆርጅ ዋልድ ዝነኛ ንግግሩን አሰማ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራው «የሚያሳስባቸው ሳይንቲስቶች ኅብረት»ም የተወለደው ከዚሁ ንቅናቄ ነው።

እስከዚህ ድረስ መስማማት ቀላል ነበር። የከበደው የተቋሙ የኢንስትሩመንቴሽን ላቦራቶሪ ጉዳይ ነው። በቻርልስ ስታርክ ድሬፐር የሚመራው ይህ ላቦራቶሪ የአፖሎ መንኮራኩሮችን የጉዞ መምሪያ ሥርዓት ሠርቷል፤ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለሚተኮሰው የፖሲዶን ሚሳኤልም እንዲሁ። በጁላይ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የተመሰገነው ቤት፣ በኖቬምበር ተማሪዎች ደጁን ዘግተው ፖሊስ የበተናቸው ያው ቤት ነው።

ላቦራቶሪው ከተቋሙ ይለይ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ መምህራኑ ተከፈሉ። ድሬፐር ወጣት መሐንዲስ የሚበስለው በእውነተኛ ሥራ ነውና ላቦራቶሪው ከትምህርቱ አይነጠልም ባይ ነበር። ጉዳዩን ያጠና በነበረው የፓውንድስ ኮሚቴ አባል የሆነው የሥነ ልሳን መምህሩ ኖአም ቾምስኪም ላቦራቶሪው በግቢው እንዲቆይ ፈለገ፤ ምክንያቱ ግን ተቃራኒ ነው። ከዓይን ከራቀ ማን ይጠይቀዋል? ሁለቱ በአንድ መደምደሚያ መገናኘታቸው፣ ክርክሩን በዕድሜና በማዕረግ መድበን ልንረዳው እንደማንችል ያሳያል። ተማሪዎቹም አንድ አልነበሩም፤ ደጅ ላይ የሚሰለፍ እንደነበረ ሁሉ የመመረቂያ ጥናቱን እዚያው ውስጥ የሚሠራም ነበር።

የተቋሙ ፕሬዚዳንት ሃዋርድ ጆንሰን ላቦራቶሪውን ከተቋሙ መለየትን መረጡ። ውሳኔው ለአስተዳደር ምቹ ነበር፤ ተቋሙን ከወቀሳ ሲያርቅ ከሚሳኤሉ ሥራ ግን አንዲት ብሎን አላስቀረም። በ1973 ራሱን የቻለው የድሬፐር ላቦራቶሪ ለባሕር ኃይሉ የትራይደንትን መምሪያ መሥራቱን ቀጠለ። የኤም.አይ.ቲ. የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም፣ አሁን ሌላ ድርጅት በሆነው በዚያው ላቦራቶሪ፣ ጥናታቸውን መሥራት አላቆሙም።