ላም አለኝ በሰማይ፤ ገና ስላልወጡ የግራፊክስ ካርዶች ፉክክር አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ ያላየውን ነገር አስቀድሞ መገመት የሚወድ ፍጥረት ነው። ገበሬው ሰማዩን ተመልክቶ የክረምቱን ዝናብ ይገምታል። ነጋዴው የመስከረምን ገበያ በሐምሌ ያሰላል። ተማሪውም ፈተናው ሳይደርስ ውጤቱን ይናገራል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ተሰብስበን አጥብቀን ከምንከራከርባቸው ነገሮች አንዱ ገና ለገበያ ያልቀረበ ግራፊክስ ካርድ ነው። አንዱ «የሚመጣው የኤንቪዲያ ካርድ ይበልጣል» ሲል፣ ሌላው «የኤኤምዲ ሲወጣ ታያላችሁ» ይላል። ካርዶቹን ግን በዓይኑ ያየ ከመካከላችን አንድም የለም። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ ክርክሩም ዋጋ አስከፍሎኛል። ስለዚህ የዚህን ፉክክር ታሪክ በተቻለኝ መጠን ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን ለማያውቁት ወላጆቻችን ግራፊክስ ካርድ ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። ይህ ካርድ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የሚሰካ ሰሌዳ ሲሆን፣ ሥራው በስክሪኑ ላይ የምናየውን ሥዕል ማስላት ነው። ሥዕሉ የተሠራው ከትንንሽ ነጥቦች ነው። በተለመደው ስክሪን ላይ ወደ ጐን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥቦች አሉ፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። ሥዕሉ ሳይቆራረጥ እንዲንቀሳቀስ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ይለወጥ ቢባል፣ ካርዱ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም መስጠት አለበት ማለት ነው። ይኸው የማስላት ኃይል ዛሬ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለሕንፃ ንድፍ፣ ለሳይንስ ምርምርና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚባለው ጥበብ ይውላል። ፉክክሩ የበረታውም ስለዚህ ነው።

ስም ከሥራ መቅደሙ ግን በካርድ አልተጀመረም፤ ምሳሌው በገዛ አገራችን ታሪክ ይገኛል። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። መናገሻቸውም ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችን ደብረ ማርቆስ ነበረች። ጎጃም በእርግጥ በእጃቸው ነበረ፤ ከፋ ግን ገና በስም ብቻ ነበረ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ከዐባይ ማዶ ያለውን አገር ይፈልጉ ስለ ነበረ፣ በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ድሉ የሸዋ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ይህን የምጽፈው የንጉሡን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ስም አስቀድሞ ቢሰጥም ነገሩን የሚቈርጠው የሥራው ዕለት መሆኑን ለማሳየት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ካርዶቹ ታሪክ ልመለስ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኤቲአይ የተባለው ኩባንያ በ1985 በካናዳ፣ ኤንቪዲያ ደግሞ በ1993 በአሜሪካ ተቋቋሙ። ነገር ግን በመጀመሪያ ስሙ የገነነው ሌላ ነበረ፤ እርሱም በ1996 ቩዱ የተባለውን ካርድ ያወጣው ስሪዲኤፍኤክስ ነው። ይህ ኩባንያ በ1999 አራት ማስሊያዎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ የያዘ «ቩዱ 5 6000» የሚባል ካርድ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ወሬው ዓለምን ሞላ። ካርዱ ግን ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ፤ ኩባንያውም በታኅሣሥ 2000 ንብረቱን ለተቀናቃኙ ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። ያን ካርድ ሲጠብቁ የቆዩት ሰዎች የጠበቁት ከነአባቱ የጠፋውን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በ2002 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ኤቲአይ «ራዲዮን 9700 ፕሮ» የተባለውን ካርድ አወጣ። ብዙዎች ግን «ቆዩ፣ የኤንቪዲያ እየመጣ ነው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። በኅዳርም ኤንቪዲያ በላስ ቬጋስ ከተማ «ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ» የሚባለውን አዲስ ሥራውን አስታወቀ። የተነገሩት ቍጥሮች የሚያስደንቁ ነበሩ። የኤቲአይ ማስሊያ በ325 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የኤንቪዲያው በ500 ይሠራል፤ የተሠራበትም ጥበብ ይበልጥ የረቀቀ ነው፤ በውስጡ 125 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች አሉት ተባለ። ይህን የሰማ ሁሉ ጨዋታው አለቀ አለ።

ይሁን እንጂ እርሳስና ወረቀት የያዘ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያን ጊዜ አንድ ነገር ሊያስተውል ይችል ነበር። ካርዱ የሚያሰላውን ነገር ከማስታወሻው ተመላልሶ ማምጣት አለበት። በሴኮንድ የሚመጣውን መጠን ለማወቅ የመንገዱን ስፋት በፍጥነቱ አባዝቶ ለ8 ማካፈል ብቻ ነው። የኤንቪዲያው መንገድ ስፋት 128 ቢት፣ ፍጥነቱ 1,000 ሚሊዮን ነበረ፤ ውጤቱ 16 ጊጋባይት ይሆናል። የኤቲአይው ስፋት 256 ቢት፣ ፍጥነቱ 620 ሚሊዮን ነበረ፤ ውጤቱ 19.84 ጊጋባይት ነው። ነገሩን በገበያ በር መመሰል ይቻላል። በጠባብ በር ሰዎች እየሮጡ ቢገቡም፣ በሰፊው በር ቀስ ብለው የሚገቡት በቍጥር ሊበልጧቸው ይችላሉ።

በ2003 መጀመሪያ ካርዱ በፈታኞች እጅ ሲገባ እንደ ስሌቱ ሆነ። በአንዳንድ ጨዋታ የኤንቪዲያው ቀደመ፤ ሥዕሉ ይበልጥ እንዲጠራ ሲታዘዝ ግን የስድስት ወር ታላቁ ራዲዮን በለጠው። ከዚህም በቀር ማቀዝቀዣው እጅግ ይጮኽ ስለ ነበረ የሰው መሳቂያ ሆነ። ኩባንያው ራሱም በገዛ ካርዱ ጩኸት የሚቀልድ አጭር ፊልም ሠራ። በዚያው ዓመት በግንቦት መንገዱን ወደ 256 ቢት ያሰፋ ሌላ ካርድ አወጣ። ጥፋትን አምኖ ቶሎ ማረም ለታላቅ ኩባንያም ነውር አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ማስላት ይበቃል የሚል ሰው ቢኖር የ2017ን ታሪክ ደግሞ ይስማ። ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይን ገዝቶ ስለ ነበረ ፉክክሩ በእርሱና በኤንቪዲያ መካከል ሆኖ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ኤኤምዲ ቬጋ ስለሚባለው ሥራው ባሳየው የማስታወቂያ ፊልም ላይ በተቀናቃኙ ቮልታ በተባለው ሥራ ላይ የሚያሾፍ ጽሕፈት ታየ። በወረቀት ላይ ሲታይ «ቬጋ 64» በሴኮንድ እስከ 12.7 ትሪሊዮን ስሌት ሲችል፣ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የኤንቪዲያ «ጂቲኤክስ 1080» ወደ 8.9 ትሪሊዮን ብቻ ነበረ። በነሐሴ ወጥቶ ሲፈተን ግን ሁለቱ በጨዋታ ላይ ተቀራራቢ ሆኑ። ቬጋው እንዲያውም እስከ 295 ዋት ኃይል ሲፈልግ የኤንቪዲያው በ180 ይሠራ ነበር። ጕልበት መኖሩ ብቻ አይበቃምና ነው፤ ጕልበቱን በሥራ ላይ የሚያውለው ጥበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሌት ከወሬ ይሻላል፤ ፈተና ግን ከስሌት ይሻላል።

በቅርቡም በጥር 2025 የኤንቪዲያ መሪ ጄንሰን ህዋንግ በ549 ዶላር የሚሸጠው «አርቲኤክስ 5070» ከቀድሞው ባለ 1,599 ዶላር «4090» ጋር እኩል ይሠራል ብለው ተናገሩ። በመጋቢት ካርዱ ሲፈተን ንግግሩ የሚያስኬደው ኮምፒዩተሩ በእውነት ከተሰሉት ሥዕሎች መካከል በግምት የተሠሩ ሥዕሎች ሲያስገባ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ያለዚያ አዲሱ ከአሮጌው በብዙ ያንሳል። ተናጋሪው ቃሉን የተናገረው በራሱ መለኪያ ነው፤ ሰሚው ግን በሌላ መለኪያ ሰማው።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። በ2016 ዓ.ም. አባቴ የባሕር ዛፍ አጣናና ጥቂት ጤፍ ሸጦ ኮምፒዩተር እንድገዛ ገንዘብ አዘጋጀልኝ። ፍላጎቴ የሕንፃ ንድፍ ለመማር ነበረ፤ ለጨዋታም ጭምር መሆኑን አልክድም። አዲስ አበባ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ግን «አዲስ ካርድ ሊወጣ ነው፤ አሮጌው ይረክሳል» አለኝ። አባቴንም «ትንሽ እንታገሥ» ብዬ ለመንሁት። እርሱም «ልጄ፣ በሬ የሚገዛው ገበያ ከቆመው መካከል ነው፤ ገና ያልተወለደውን ማን ይጠምዳል?» አለኝ። አልሰማሁትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ባለ ሱቆቹም ዋጋቸውን ጨመሩ። አዲሱ ካርድ በ2025 ሲወጣ ያ 549 ዶላር ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት ከ65 ሺህ ብር በላይ ነበረ። በእጄ ያለው ገንዘብ አዲሱን ቀርቶ አስቀድሜ የተውሁትን አሮጌውንም አልገዛ አለ። በመጨረሻ ካርድ የሌለው ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛሁ። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ዝምታው ግን ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተማርሁ። አንደኛ፣ ገና ስላልወጣ ዕቃ የሚናገረው ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚያገኝበት መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሁለት ካርዶች የሚወዳደሩት በአንድ ሥራ፣ በአንድ መለኪያ፣ በገለልተኛ ሰው ሲፈተኑ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ግን መጠበቅም ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ተስፋውን የሚሰጠው ኩባንያ ነው፤ የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ግን የሚጠብቀው ሰው ነው። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ቢሸነፉ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ካርድ ያወጣሉ። የገበሬው አጣና ግን እንደ ገና እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል።

ክርክሩ ይቁም ማለቴ አይደለም። በክርክር ሒሳብና ፊዚክስ የተማሩ ጓደኞች አሉኝ። ነገር ግን ከዛፉ ሥር ስንሰበሰብ ወሬውን ይዘን ብቻ ሳይሆን እርሳስና ወረቀትም ይዘን እንምጣ። ያሰላነውንም ዕቃው ከተፈተነ በኋላ መልሰን እንመርምረው። ባለን ኮምፒዩተርም ዛሬውኑ እንማርበት። ትምህርት ቤታችን ይህን በዓል ሲያከብር ታናናሾቻችን ከእኔ ስሕተት ተምረው፣ በሰማይ ያለችውን ላም ሲመለከቱ በደጃቸው የቆመችውን ሳያልቡ እንዳይቀሩ ምኞቴ ነው።