ሰባራ ድልድይ እንዴት ተጠገነ?



ከጎጃም ወይም ከበጌምድር የመጣ ሰው ስለ ሰባራ ድልድይ ሳይሰማ አይቀርም። ድልድዩ በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ላይ የተሠራ ሲሆን ሁለቱን አገሮች ያገናኝ ነበር። ያሠሩት አፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) እንደሆኑ ይነገራል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞች በሙያቸው የታወቁ ስለነበሩ፣ የድንጋይ ሥራ ለወገናችን እንግዳ አይደለም።

በጣልያን ወረራ ጊዜ የድልድዩ መካከል ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ገበያተኛው የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ጎልማሶች ተሻጋሪውን ወገቡን አስረው ይስቡታል፤ ከሥሩ ዓባይ ይፈሳል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ ለጥገናው ተነሣ። ክፍተቱ በብረት ተገጥሞ መንገዱ ተከፈተ። ነገር ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። ሰዎቹም ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ከውሃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በከተማችን በበኤር ሼባም፣ ከክረምት በቀር ውሃ በማይታይበት ወንዝ ላይ፣ ቱርኮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባቡር የሠሩት የድንጋይ ድልድይ ዛሬም ቆሟል። ያ ድልድይ የተሠራው ለጦርነት ነው፤ የዓባዩ ግን ለገበያ፣ ለለቅሶና ለሰርግ ያገለገለ ነው።

በዕብራይስጥ ድልድይ «ጌሸር» ይባላል። በሁለት ወገን መካከል ቆሞ የሚያግባባ ሰውም ከዚሁ ቃል «መገሼር» ተብሏል። እኛ በሽኩና ቤት ከቤተሰቦች ጋር ስንሠራ ግን ብዙ ጊዜ መገሼሩ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ እናገኘዋለን። በቁፓት ሆሊም የእናቱን ሕመም ለሐኪሙ፣ በትምህርት ቤት የራሱን ጥፋት ለአባቱ የሚተረጉመው እሱ ነው። ቋንቋውን ቢያውቅም ሸክሙ ከአቅሙ በላይ ነው፤ በቤት ውስጥም የአባትና የእናት ቃል ይቀላል። ልጅን ድልድይ ማድረግ ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ብረት እንደ መግጠም ነው፤ ለጊዜው ያሻግራል እንጂ አይዘልቅም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ወደ ቢሮ ስትገቡ «አማርኛ የሚያውቅ መገሼር ይጠራልን» ማለት ነውር አይደለም። ኡልፓኑንም እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ልጆችም የአያቶቻቸውን ቋንቋ አይጣሉ። በሰባራ ድልድይ ገመዱን የሚይዙ ሰዎች በሁለቱም ወገን ነበሩ፤ አንዱ ወገን ብቻ ቢይዝ ኖሮ የሚሻገር ሰው አይኖርም ነበር።