ጊታርን ማን አስተማረን? የጀማሪ ተማሪ ታሪክ ከዜማ ቤት እስከ ኮዬ ፈጬ

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ታላላቅ ሙዚቀኞች ሳይሆን ስለ ጀማሪው ነው። አኩስቲክ ጊታር ገዝቶ ስድስቱን ክሮች ለመቃኘት ስለሚታገለው፣ የጣቱ ጫፍ ሲቆስል «ይህ ነገር ለእኔ አልተሰጠኝም» ብሎ መሣሪያውን ቁም ሣጥን ላይ ስለሚሰቅለው ሰው ነው። የሙዚቃ ታሪካችን በብዛት የተጻፈው በድምፃውያንና በባንዶች ስም ነው። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ግን አንድ ቀን ጀማሪዎች ነበሩ። የት ተማሩ? ከማን? በማን መሣሪያ? ብለን ስንጠይቅ ሌላ ታሪክ ይገለጥልናል።

መከራከሪያዬን አስቀድሜ ልናገር። በሀገራችን የሙዚቃ መሣሪያ ትምህርት ከሞላ ጎደል የጋራ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ተሰጥኦ ብለን ከምንጠራው ነገር ውስጥም ትልቁ ድርሻ የቦታ፣ የሰዓትና የባልንጀራ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጊታር በፊት የነበረው ትምህርት

ጊታር ወደዚህ ሀገር ሲመጣ ትምህርት ያልነበረበት ባዶ ሜዳ አላገኘም። የዜማ ቤት ሥርዓት ለዘመናት የቆየ ነበር። የድጓ ተማሪ በመሪጌታው ፊት ተቀምጦ ይቀጽላል፤ ጓደኞቹ ያዳምጣሉ፤ ቀደም ያለው ተማሪ ተከታዩን ያስቀጽላል። የቃል ትምህርቱ በምሽትና በሌሊት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት፣ በጆሮ ብቻ ይሰጣል። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ ለዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የታወቁት በዚህ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዜማውን የሚያመለክቱት ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ በትውፊት ይነገራል። ምልክቱ ግን መምህሩን አልተካም። ዜማውን አስቀድሞ በጆሮው ለያዘው ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ላልሰማው ሰው አያስተምረውም። ዛሬ የጊታር ጀማሪ ከስልኩ የሚያወርደው ቁጥር የሰፈረበት ሰሌዳም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ይነግረዋል፤ ዜማው እንዴት እንደሚተነፍስ ግን አይነግረውም።

የአዝማሪው ልጅም ማሲንቆን የተማረው ከቤተ ዘመዱ መካከል ተቀምጦ፣ ለሠርግና ለበዓል አብሮ እየሄደ ነው። ዜማ ቤቱና የአዝማሪው ቤት በብዙ ነገር ቢራራቁም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ጀማሪውን ለብቻው አይተዉትም።

ጊታሩ በየት በኩል ገባ?

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ሲጀመርም ይኸው ጠባይ ቀጠለ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። መሣሪያው የመንግሥት፣ የልምምዱ ሰዓት የጋራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በዚያው መንገድ ተጓዙ። ወጣቱ ቅጥረኛ መሣሪያ መግዛት አልነበረበትም፤ የሚለማመድበትን ክፍልም ሆነ የሚያርመውን አለቃ ተቋሙ ያቀርብለት ነበር።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ጊታር ከማንዶሊን፣ ከአኮርዲዮንና ከክላርኔት ጋር በአነስተኛ ቡድኖች ውስጥ ቦታ ያዘ። ያ ለስላሳ የአኩስቲክ ድምፅ ከጊዜ በኋላ በኤሌክትሪክ ጊታርና በኪቦርድ ተሸፈነ። በ2008 ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ሲመሠርት የዚያን ዘመን ዜማዎች መልሶ አነሣ። አንጋፋው የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞ ከወጣቶቹ ጋር አብሮ መጫወቱ ለእኔ ከሙዚቃዊ ጌጥነት በላይ ነው፤ ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያሳያል።

ወደ 1963 ልመለስ። በዚያ ዓመት ትውልደ ግብፃዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከቡድኑ ጋር ከተጫወቱት አንዱ ቻርልስ ሰተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። የተማረው ማሲንቆ ነው። የእኛ ወጣቶች ወደ ጊታር በሚያዘነብሉበት ዘመን አንድ የውጭ ሰው ወደ ማሲንቆ መጣ፤ የተማረውም ከሚያውቁት ጎን ተቀምጦ በማዳመጥ ነው። ባዕድ መሣሪያ መልመድ ይቻላል፤ ጎረቤት ግን ያስፈልጋል።

በዚያው አሥርት ዓመት አሸናፊ ከበደ የመሩት የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ የኖታን ንባብና መደበኛ ሥልጠናን አስፋፋ። በሩ ግን ጠባብ ነበር፤ አብዛኛው ጀማሪ ከውጭ ቀረ።

ውጭ የቀረው ምን አደረገ? በደርግ ዘመን ሦስት መጠጊያዎች አገኘ። አንደኛው የቀበሌ ኪነት ነው። ግጥሙ የታዘዘ፣ መድረኩም የፖለቲካ ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም መሣሪያ የመግዛት አቅም ያልነበረው የሠራተኛ ልጅ ጊታር የጨበጠው በዚያ አዳራሽ ነው። ሁለተኛው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ነው፤ ታላቅ ወንድም ለታናሹ ሦስት አራት ኮርድ እያሳየ፣ አንዳንዴም ተሸሽጎ፣ መዘምራንን አፈራ። ሦስተኛው ካሴት ነው። የሰዓት እላፊው ሌሊቱን ሲዘጋ ወጣቱ ከቴፑ ፊት ተቀምጦ አንዲቱን ሐረግ እያጠነጠነ ሃያ ጊዜ ሰማ። ካሴቱም ቢሆን የብቻ ብቻ አልነበረም፤ ከሰፈር ሰፈር ይዞር ነበርና። የሮሃ ባንዱ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም በዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ተምሮ የመመረቂያ ጥናቱን በዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ላይ መሥራቱን እናንተ የታሪክ ተማሪዎች እንድታስታውሱ እወዳለሁ። ጣትና ብዕር በአንድ ሰው ተገናኝተዋል።

ክራር ያስተማረው፣ ጊታር የሚጠይቀው

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ፤ ታሪኩ በእንጨቱና በክሩ ላይም ተጽፏልና።

ክራር የሚቃኘው ለሚጫወተው ቅኝት ነው። ትዝታ ከተፈለገ ክሮቹ ትዝታ ሆነው ይቃኛሉ፤ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ሲፈለግ እንደገና ይለወጣሉ። ስለዚህ የክራር ጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርቱ ጆሮውን ማቅናት ነው። እነካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ያደረሱን ጥበብ ከዚያ ይነሣል። በግርፍ ስልት ደግሞ ቀኝ እጅ ክሮቹን በአንድነት ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ የሚናገረው ጣት የለቀቀው ክር ነው። በጊታር ነገሩ ይገለበጣል። ጣት የሚጫነው ድምፁን ለመለወጥ ነው፤ ክሮቹም ዘወትር ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያዊው ጀማሪ ተጨባጭ መዘዝ አለው። የውጭ መማሪያዎች ብዙውን ጊዜ በሲ፣ በኤፍና በጂ ኮርዶች ያስጀምሩታል። ከሲ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ግን አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። የሲ ኮርድ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ይገኛል። የኤፍ ኮርድ ኤፍን፣ የጂ ኮርድ ቢን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ድምፆች ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ሦስቱን ኮርዶች አጥርቶ የያዘው ተማሪ ትዝታ ሲሞክር «የእኛ ዜማ አልሆንልህ አለኝ» ይላል። ችግሩ ከጣቱ አይደለም፤ የተሰጠው ካርታ የሌላ ሀገር ነው። ኤ ማይነር ግን ኤ፣ ሲና ኢ ስለሆነ ከቅኝቱ አይወጣም። ይህችን አንዲት ነገር አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በአምስት ደቂቃ ያሳየዋል፤ ብቻውን ሲፈልጋት ወራት ሊፈጅ ይችላል። በኤፍ ኮርድ ላይ አንድ ጣት በርካታ ክሮችን በአንድነት ሲጫን የሚሰማው ሕመምና ዝገት ያለው ድምፅም እንዲሁ ነው። ያለፈበት ሰው «ሁላችንም እንዲሁ ነበርን» ሲለው ሕመሙ ተራ ደረጃ ይሆናል። የሚለው ሰው ከሌለ ፍርድ ይሆንበታል።

ኮዬ ፈጬ

ኮዬ ፈጬ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት የ2019ኙን የኮንዶሚኒየም ዕጣና ያስነሣውን ውዝግብ ነው። እኔ ዛሬ በዚያ ነዋሪ ሆኜ ስለ ድምፁ እናገራለሁ። በአቃቂ ቃሊቲ ጠርዝ በተደረደሩት ሕንፃዎች መካከል ማታ ማታ ጀማሪ ጊታር ይሰማል፤ ከአንዱ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሌላው ምድር ቤት። በብሎኬት ግድግዳ በኩል ሁሉም ይሰማል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት የተለያዩ ጀማሪዎች ያንኑ የኮርድ ሽግግር ሲሞክሩ ሰምቻለሁ፤ አራቱም በአንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። ግድግዳው ድምፁን ያሳልፋል፤ ሰዎቹን ግን አያገናኝም።

እነዚህ ወጣቶች ከአባቶቻቸው ይልቅ ብዙ ነገር አላቸው። ጊታሩ የራሳቸው ነው፤ ስልካቸው መቃኛም መምህርም ይሆናል። የሌላቸው የክብር ዘበኛው ክፍል፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ የዜማ ቤቱ ክበብ ነው። ከየሰፈሩ ተነሥተው በዕጣ የተሰባሰቡ ሰዎች ባሉበት መንደር «ታላቅ ወንድም» ገና አልተፈጠረም። በዚህ ላይ የጎረቤት እንቅልፍ አለ፤ እርሱም መብት ነው። ስለዚህ ጀማሪው ክሩን በፍርሃት ይነካል፤ በፍርሃት የተነካ ክር ደግሞ ጥርት ብሎ አይናገርም።

ታሪክ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ምን እንደጎደለ ግን ያሳያል። በኮንዶሚኒየም መንደሮች ለልብስ ማጠቢያ፣ ለድግስና ለዕድር ታስበው የተሠሩ የጋራ መገልገያ ቤቶች አሉ። በሳምንት ሁለት ምሽት ከእነዚህ አንዱ ለጀማሪዎች ቢከፈት፣ ለአንድ ወር የቀደመው ትናንት የመጣውን ቢያስቀጽል፣ ክራር የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጆሮ ቢያርሙ፣ አዲስ ነገር ፈጠርን አንልም። የጥንቱን ወንበር መልሰን ዘረጋን እንጂ። በቀን ሩብ ሰዓት በቤት፣ በሳምንት ሁለት ምሽት በማኅበር፤ ዜማ ቤቱ ቢጠየቅ ከዚህ የራቀ ምክር የሚሰጥ አይመስለኝም።

ለእናንተ ለተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ እተዋለሁ። የቀበሌ ኪነትን አዳራሽ የሚያስታውሱ፣ በካሴት የተማሩ፣ በመዘምራን መካከል ኮርድ የተቀባበሉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ እያረጁም ነው። ታዋቂዎቹን ብዙዎች ጠይቀዋቸዋል። ጊታሩን ጀምረው የተዉትን ግን ጠይቁልኝ። ለምን እንደተዉት በሚነግሩን ውስጥ የተቋሞቻችን ታሪክ ይገኛል።